የትኬቱን ዋጋ የሚቆርጠው ማነው? መንግሥትና አየር መንገድ በአንባቢዎች ጥያቄ

ባለፈው እትም ስለ ትኬት መወደድ ከጻፍን ወዲህ ጥያቄው አላባራም። አብዛኛው የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ ጥቂቱ ከአዲስ አበባ። የገረመኝ ነገር ቢኖር ግማሹ ሰው «ኧረ መንግሥት ወዴት አለ?» ሲል ሌላው ግማሽ «መንግሥት እጁን ያንሳልን» ማለቱ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዙሪያ የመጡትን ብቻ መርጫለሁ። አሜሪካ ላይ ማተኮሬን አትታዘቡኝ። መንግሥት አየር መንገዶችን አርባ ዓመት ጨብጦ ይዞ፣ ኋላ ድንገት ሲለቃቸው ምን እንደሚሆን እንደዚያ አገር አጉልቶ የሚያሳይ የለም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት አሉ። በወጣትነታቸው አውሮፕላን ላይ ምግቡ በሸክላ ሳህን እንደሚቀርብ፣ ዋጋው ደግሞ በየትኛውም ኩባንያ ቢሄዱ አንድ እንደነበር ያጫውቱኛል። እውነት ነው? ዋጋውን መንግሥት ነበር የሚወስነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እውነታቸውን ነው፣ እህቴ። ከ1938 እስከ 1978 ድረስ ከአንድ ግዛት ወደ ሌላ ግዛት የሚበር የአሜሪካ አየር መንገድ ዋጋውን ራሱ አይቆርጥም፣ መስመሩንም ራሱ አይመርጥም። ሁለቱንም የሚወስነው ዋሽንግተን የተቀመጠ፣ ኋላ ላይ የሲቪል ኤሮኖቲክስ ቦርድ የተባለ አምስት አባላት ያሉት መሥሪያ ቤት ነበር። አዲስ አበባ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፦ ታፔላህ ላይ በተጻፈው መስመር ትሠራለህ፣ የወጣልህን ታሪፍ ትቀበላለህ፣ አለቀ። ልዩነቱ እዚያ ተሳፋሪው ሱፍና ከረባት የለበሰ መሆኑ ነው።

እዚያ እንዴት ተደረሰ? ነገሩ የጀመረው በሰው ሳይሆን በደብዳቤ ነው። በ1925 የወጣ ሕግ ፖስታ ቤቱ ደብዳቤ በአየር የማመላለሱን ሥራ ለግል ኩባንያዎች በኮንትራት እንዲሰጥ ፈቀደ። ያን ጊዜ ሰው ጭኖ ማትረፍ የማይታሰብ ስለነበር ኩባንያዎቹ የኖሩት በዚህ ገንዘብ ነው። ክፍያው በክብደት ነበር። ፖስታ ቤቱ የሚከፍላቸው ደግሞ ከቴምብሩ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ራሳቸው ለራሳቸው ከባድ ከባድ ጥቅል በፖስታ ይልኩ ነበር ይባላል። ብልጠት ድሮም ነበረች።

በ1930 የፖስታ ሚኒስትሩ ዋልተር ብራውን ትልልቆቹን ኩባንያዎች ሰብስበው መስመሩን አከፋፈሏቸው፤ ትንንሾቹ በር ላይ ቀሩ። በ1934 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት «ይሄማ መመሳጠር ነው» ብለው ኮንትራቱን ሁሉ ሰረዙና ሥራውን ለጦር ሠራዊቱ ሰጡ። ወቅቱ የበረዶ ነው። አብራሪዎቹ ለሌሊት በረራና ለመጥፎ አየር የሠለጠኑ አልነበሩም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአሥር በላይ የሠራዊቱ ሰዎች ሞቱ፤ ሥራው ተመልሶ ለግል ኩባንያዎች ሆነ። ያኔ በዚያ ስብሰባ ላይ የነበሩ ኩባንያዎች እንዳይወዳደሩ ተከለከሉ፤ እነሱ ግን ስማቸውን ቀየር አድርገው በሌላ በር ገቡ። አሜሪካን ኤርዌይስ የነበረው አሜሪካን ኤርላይንስ የሆነው ያን ጊዜ ነው። አውሮፕላን ሠሪና አየር መንገድም በአንድ ባለቤት ሥር እንዳይሆኑ ተደረገ፤ ቦይንግና ዩናይትድ እስከዚያ ድረስ አንድ ቤት ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ ግርግር በኋላ ነው በ1938 «በቃ፣ መንግሥት ይቆጣጠረው» የተባለው። በወቅቱ ይሠሩ የነበሩት 16 ትልልቅ ኩባንያዎች መስመራቸው ጸደቀላቸው። ከዚያ በኋላ ባሉት አርባ ዓመታት ቦርዱ ለአንድም አዲስ ኩባንያ ከእነሱ ጎን ተሰልፎ ዋና ዋናዎቹን መስመሮች እንዲሠራ አልፈቀደም። አንድም! አመልካች ጠፍቶ አይደለም። ዎርልድ ኤርዌይስ የሚባል ኩባንያ በ1967 ከኒውዮርክ ሎስ አንጀለስ በርካሽ ልሥራ ብሎ አመለከተ። ቦርዱ ከስድስት ዓመት በላይ ሲያጠና ቆይቶ ምን አለ መሰላችሁ? «መረጃው አርጅቷል» ብሎ ማመልከቻውን ዘጋው። ኮንቲኔንታል ደግሞ ከዴንቨር ሳን ዲዬጎ ለመብረር ስምንት ዓመት ጠበቀ፤ እሱም የተፈቀደለት ፍርድ ቤት ስላዘዘ ነው። «ነገ ተመለሱ» የእኛ አገር በሽታ ብቻ ይመስላችሁ ነበር?

አሁን ወደ ሸክላው ሳህን እንመለስ። በዋጋ መፎካከር ክልክል ከሆነ በምን ትፎካከራለህ? በምግብ፣ በመጠጥ፣ በመቀመጫ ስፋት። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጃምቦ ጄቱ ውስጥ ፒያኖ እስከ ማስገባት ደርሷል። ውጭ አገር በረራ ላይም ዋጋው አንድ ነበር፤ እዚያ የሚተምነው የአየር መንገዶቹ ዓለም አቀፍ ማኅበር ሲሆን መንግሥታት ያጸድቁታል። በ1958 የአሜሪካው ፓን አም የአውሮፓ ኩባንያዎችን ከሰሰ፦ «ርካሹ ክፍል ሳንድዊች ብቻ ይበላል ተባብለን እነሱ ሳንድዊች እያሉ ሙሉ ምሳ ያቀርባሉ» ብሎ። ማኅበሩ ተሰብስቦ ሳንድዊች ማለት ቀዝቃዛ፣ ቀላል፣ ያልተሽሞነሞነና ርካሽ መሆን እንዳለበት ወሰነ። የስካንዲኔቪያው ኤስኤኤስ ዳቦው ላይ አብዝቶ ስለቆለለ 20,000 ዶላር ተቀጣ። የሳንድዊች ውፍረት በዓለም አቀፍ ስብሰባ!

ለአሮጊቷ ግን አንድ ነገር ንገሪልኝ። ያ ምቾት የነበረው ትኬቱን መግዛት ለሚችል ሰው ነው። በዚያ ዘመን አውሮፕላን ተሳፍሮ የማያውቅ አሜሪካዊ ብዙ ነበር።

ጥያቄ፦ ዳላስ ነው የምኖረው። ሳውዝዌስት ሥራ ሲጀምር ለተሳፋሪ ውስኪ ያድል ነበር ሲሉ ሰማሁ። ቀልድ ነው ወይስ እውነት? ከመንግሥት ቁጥጥሩ ጋርስ ምን አገናኘው? (ከዳላስ፣ ቴክሳስ)

መልስ፦ ቀልድ አይደለም። የቁጥጥሩ ግድግዳ መሰንጠቅ የጀመረው ከዚያው ከአንተ ከተማና ከካሊፎርኒያ ነው።

ቦርዱ ሥልጣን የነበረው ከግዛት ወደ ግዛት በሚደረግ በረራ ላይ ነው። አንድ አውሮፕላን ቴክሳስ ውስጥ ተነሥቶ ቴክሳስ ውስጥ ካረፈ አይመለከተውም፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ግዛቱ ነው። ይቺን ቀዳዳ ያዩት ሮሊን ኪንግና ጠበቃው ኸርብ ኬለኸር በ1967 ኩባንያ አቋቋሙ። የግዛቱ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሰጣቸው። ነባሮቹ ብራኒፍ፣ ኮንቲኔንታልና ቴክሳስ ኢንተርናሽናል ግን ፍርድ ቤት ወሰዷቸው። ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ክርክር! አንድ አውሮፕላን እንኳ ሳያነሡ ገንዘባቸው በጠበቃ አለቀ። በመጨረሻ ፈረዱላቸውና ጁን 18፣ 1971 ከዳላስ ወደ ሂውስተንና ወደ ሳን አንቶኒዮ በ20 ዶላር ማብረር ጀመሩ።

በ1973 መጀመሪያ ብራኒፍ ሊያጠፋቸው ዳላስ–ሂውስተንን በ13 ዶላር አወጀ። ሳውዝዌስት በዚያ መስመር 26 ዶላር ነበር የሚያስከፍለው፤ በ13 ቢሠራ ይከስራል። ምን አደረገ? «ከፈለግህ 13 ክፈል፤ 26 ከከፈልክ ግን አንድ ጠርሙስ ውስኪ ውሰድ» አለ። ሺቫስ ሪጋል! ትኬቱን መሥሪያ ቤቱ የሚከፍልለት ነጋዴ የቱን እንደመረጠ መገመት አያቅትህም። ለአለቃው ደረሰኝ ያቀርባል፣ ውስኪዋን ቤቱ ይወስዳል። ለጥቂት ጊዜ ሳውዝዌስት በቴክሳስ ዋነኛ የዚህ ውስኪ አከፋፋይ ሆነ እስከ መባል ተደርሷል።

ከወሬው በላይ ቁም ነገሩ ዋጋው ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥም ፒኤስኤ የሚባል ኩባንያ ከ1949 ጀምሮ በዚሁ ቀዳዳ ይሠራ ነበር። በ1975 ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ በምክር ቤት ምርመራ ሲከፍቱ ያነሡት ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ከሎስ አንጀለስ ሳን ፍራንሲስኮ መሄድ፣ ተቀራራቢ ርቀት ካለው ከቦስተን ዋሽንግተን ጉዞ በግማሽ የሚረክሰው ለምንድን ነው? አውሮፕላኑ አንድ ዓይነት፣ ነዳጁ አንድ ዓይነት። ልዩነቱ አንደኛው ላይ ቦርዱ መኖሩ ብቻ። ምርመራውን ያዘጋጁት ጠበቃ ስቲቨን ብሬየር ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነዋል።

በ1977 ፕሬዚዳንት ካርተር የኮርኔል ዩኒቨርሲቲውን የምጣኔ ሀብት ምሁር አልፍሬድ ካንን የቦርዱ ሊቀ መንበር አደረጉ። ሰውዬው ዋጋ የመቀነስ ፈቃድ እንደ ጉድ ማደል ጀመሩ። (በነገራችን ላይ ለሠራተኞቻቸው «ደብዳቤ ስትጽፉ ሰው በሚገባው ቋንቋ ጻፉ» የሚል ማስታወሻ በመበተንም ይታወቃሉ። እንዲህ ያለ አለቃ ያብዛልን።) ኦክቶበር 24፣ 1978 ካርተር የዋጋና የመስመር ቁጥጥሩን የሚያነሣውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ማንም የማይበርባቸውን መስመሮች ቀድሞ ለመጣ ስለሚሰጥ የአየር መንገድ ወኪሎች ቦርዱ ደጃፍ ላይ ተራ ይዘው አደሩ። ብራኒፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ መስመሮችን ጠየቀ፣ ያለ የሌለ ገንዘቡን አፈሰሰ፣ በሜይ 1982 ከሰረ። ሳውዝዌስትን በ13 ዶላር ሊያጠፋ የነበረው ብራኒፍ ማለቴ ነው። ቦርዱ ራሱም በ1984 መጨረሻ ተዘጋ። መሥሪያ ቤት ተከፍቶ ሲሰፋ እንጂ ሲዘጋ ማየት ብርቅ ነው።

ጥያቄ፦ ኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ነኝ። የድሮ ሠራተኞች «ቁጥጥሩ ሲነሣ ነው የተበላሸው» ይላሉ፤ ኢኮኖሚክስ የሚማረው ልጄ ደግሞ «ከዚያ የተሻለ ሕግ የለም» ይለኛል። ማንን ልመን? (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ ሁለቱንም ወንድሜ፤ የሚያወሩት ስለ ተለያየ ሰው ነው።

ልጅህ ስለ ተሳፋሪው ነው የሚያወራው። የኑሮ ውድነቱ ታስቦ ሲታይ የትኬት ዋጋ ከ1978 ወዲህ በግማሽ ገደማ ወርዷል። የአሜሪካ አየር መንገዶች በዚያ ዓመት የጫኑት ሰው ከ300 ሚሊዮን በታች ነበር፤ በ2019 ከ900 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ከሲያትል አትላንታ ለሠርግ፣ ከዴንቨር ዲሲ ለለቅሶ በሁለት ቀን ጥሪ የሚበረው የእኛ ሰው የዚያ ሕግ ተጠቃሚ ነው። በድሮው ታሪፍ ቢሆን ሐዘኑን በስልክ ይደርስ ነበር።

የድሮዎቹ ሠራተኞች የሚያወሩት ደግሞ ስለ ደመወዝና ስለ ጡረታ ነው። ዋጋው ተቆርጦ በሚሰጥበት ዘመን ኩባንያው ለሠራተኛ የጨመረውን ከተሳፋሪው ያገኘዋል። ውድድር ሲመጣ መጀመሪያ የሚነካው የሰው ጉልበት ነው። ኢስተርን የተባለው አየር መንገድ በ1991 ጃንዋሪ ላይ ቆመ፣ ፓን አም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ፤ ቲደብሊውኤ የተባለውን ደግሞ በ2001 አሜሪካን ኤርላይንስ ጠቀለለው። ዩናይትድ ከስሮ በነበረበት በ2005 የሠራተኞቹን ጡረታ ለመንግሥት ዋስትና ድርጅት አስረክቦ ወጣ፤ ብዙዎች ከተገባላቸው ቃል ያነሰ ነው ያገኙት። ትንንሽ ከተሞችም ተጎድተዋል። ለእነሱ እንዲበረር መንግሥት እስከ ዛሬ ድጎማ ይከፍላል።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሲያተርፉ «ነጻ ገበያ ነው፣ አትንኩን» የሚሉ ኩባንያዎች ሲጨንቃቸው የሚሮጡት ወደ መንግሥት ነው። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ 5 ቢሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብና እስከ 10 ቢሊዮን የብድር ዋስትና ተፈቀደላቸው። በኮሮና ጊዜ ለደመወዝ ድጋፍ ብቻ በሦስት ዙር 54 ቢሊዮን ገደማ። ሠራተኛ እንዳይበተን ስለተደረገ አልቃወምም፤ አንተም ሥራህ ላይ የቆየኸው ምናልባት በዚያ ይሆናል። ግን እጃቸውን ዘርግተው የተቀበሉ ሰዎች በማግስቱ ስለ መንግሥት ጣልቃ ገብነት ሲሰብኩ መስማት ይከብዳል።

ውድድሩም ቢሆን እንዳሰቡት አልሆነም። ዴልታ ኖርዝዌስትን፣ ዩናይትድ ኮንቲኔንታልን፣ ሳውዝዌስት ኤርትራንን፣ አሜሪካን ኤርላይንስ ዩኤስ ኤርዌይስን ከ2008 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ጠቀለሉ፤ መንግሥት እያየ ፈቀደ። ዛሬ የአገር ውስጡን ገበያ አብዛኛውን የያዙት አራት ናቸው። ኋላ መንግሥት ነቃና ጄትብሉ ስፒሪትን ሊገዛ ሲል በጃንዋሪ 2024 በፍርድ ቤት አስቆመ። ስፒሪት በዚያው ዓመት ኖቬምበር የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። ስለዚህ አሁን ክርክሩ «ማዳን ነበር ወይስ መግደል?» ሆኗል። እኔ ዳኛው ተሳስቷል አልልም፤ እንቅልፉ የበዛው ከ2008 እስከ 2013 ነው ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ዋጋውን ከለቀቀ ደኅንነቱንም ለቀቀ ማለት ነው? የቢሾፍቱውን አደጋ ሳስብ ይሄ ጥያቄ አይለቀኝም። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በሕግ ደረጃ አልለቀቀም። የ1978ቱ ሕግ የነካው ዋጋና መስመርን ነው። ደኅንነቱ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ ማለትም የኤፍኤኤ ሥራ ነው። ይሄ መሥሪያ ቤት በ1958 የተቋቋመበትን ምክንያት ብታውቂ፦ በ1956 ሁለት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ግራንድ ካንየን ላይ አየር ላይ ተጋጭተው 128 ሰው አለቀ። ማንም ከምድር አይከታተላቸውም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ሰማዩ ባለቤት ያገኘው።

ግን ቁጥጥር በሕግ ሳይነሣ በአሠራር ሊሟሟ ይችላል። ኤፍኤኤ ለአሥርት ዓመታት የምርመራ ሥራውን እየቆራረሰ ለአምራቹ ለራሱ ሠራተኞች በውክልና ሲሰጥ ኖሯል። ባለሙያ ያንሰዋል፣ በጀት ያንሰዋል፣ ምክር ቤቱም «ኩባንያውን አታዘግዩ» እያለ ይገፋዋል። ቢሾፍቱ ላይ የወደቀው የቦይንግ 737 ማክስ ዓይነት አውሮፕላን የጸደቀው በዚህ አሠራር ነው። ኤምካስ የተባለው፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚጫነው ሲስተም፣ በአንዲት መለኪያ መሣሪያ ላይ ብቻ ይንጠለጠል ነበር። አብራሪዎች በሚያነቡት መመሪያ ውስጥ እንኳ አልነበረም። በኦክቶበር 2018 በኢንዶኔዥያው ላየን ኤር አደጋ 189፣ በማርች 10፣ 2019 በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ደግሞ 157 ሰዎች አለቁ።

ልብ በይ፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክሶቹን ወዲያው አቆመ፣ ቻይና በማግስቱ አቆመች፣ አውሮፓም ተከተለ። ኤፍኤኤ ግን «ለመብረር ብቁ ነው» ሲል ቆይቶ ያገደው ማርች 13 ነው፤ ያውም ብዙው ዓለም ካቆመ በኋላ። ኢትዮጵያም የመረጃ ሣጥኖቹን ወደ አሜሪካ ሳይሆን ወደ ፈረንሳይ ላከች። ለአሥርት ዓመታት ዓለም ሁሉ «አሜሪካ ካጸደቀው ይበቃል» ሲል ኖሮ ያን ቀን ቆመ። በዲሴምበር 2020 የወጣ ሕግ ውክልናውን አጥብቆታል። ለሟች ቤተሰብ ግን በጣም የዘገየ ነው።

ጥያቄ፦ ሬገን ኤርፖርት ታክሲ እነዳለሁ። ደንበኞቼ «ከዚህ ለምን ወደ ሩቅ ከተማ ቀጥታ በረራ አይበዛም?» ይሉኛል። መንደርደሪያው አጥሮ ነው? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ መንደርደሪያው አጭር መሆኑ እውነት ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ሕግ ነው። «መንግሥት ከአየር መንገድ ሥራ ወጥቷል» የሚልህ ካለ በመስታወትህ የምታየውን ተርሚናል አሳየው። በ1966 ጄት እንዲያርፍበት ሲፈቀድ የርቀት ገደብ ወጣ፣ ትራፊኩ ወደ አዲሱ የዋሽንግተን ዳለስ ኤርፖርት እንዲሄድ። ገደቡ አሁን 1,250 ማይል ነው። ዳላስና ሂውስተን ከዚያ ለጥቂት ያንሳሉ፤ የቴክሳስ ሰዎች ዕድለኞች ናቸው። ከዚያ ውጭ ያለው በምክር ቤቱ ልዩ ፈቃድ ብቻ ነው። በ2024 በወጣው ሕግ አምስት የደርሶ መልስ በረራ ተጨምሮ ሳን አንቶኒዮ፣ ሳን ዲዬጎ፣ ሲያትል፣ ላስ ቬጋስና ሳን ፍራንሲስኮ ደረሳቸው። ፈቃዱን የሚሰጡት እንደራሴዎች ራሳቸው ከዚያ ኤርፖርት ነው ወደየቤታቸው የሚበሩት፤ ከዚህ በላይ አልናገርም። በጃንዋሪ 2025 አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ተጋጭተው 67 ሰው ከሞተ በኋላ ግን «ሰማዩ ተጨናንቋል» የሚለው ወገን ድምፁ ጨምሯል።

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዋሽንግተን ድረስ መጥቶ ለምን በራሱ አውሮፕላን ሎስ አንጀለስ አያደርሰንም? ድሮ በደብሊን በኩል ይመጣ አልነበር? (ከሎስ አንጀለስ)

መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ከተማ ሰው ጭኖ ገንዘብ መቀበል ለውጭ አየር መንገድ ክልክል ነው። የእነሱም እኛ አገር እንዲሁ፤ ዩናይትድ ከቦሌ ባሕር ዳር መጫን አይችልም። ዋጋውን ነጻ ያወጣችው አሜሪካ ይቺን በር ግን ዘግታለች፦ የውጭ ሰው የአንድ አሜሪካዊ አየር መንገድ ድምፅ ካለው አክሲዮን ከሩብ በላይ መያዝ አይችልም። ነጻ ገበያው አጥር አለው።

ደብሊን ሌላ ነገር ነው። ከ2015 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በደብሊን በኩል ሎስ አንጀለስ ሲመጣ አየርላንዳዊ ደብሊን ተሳፍሮ ሎስ አንጀለስ መውረድ ይችል ነበር። ሦስቱም መንግሥታት ተስማምተው ነው። በሎሜ በኩል ኒውዋርክ የሚደረገውም እንደዚያው፤ ከሎሜ ብቻ የተሳፈረ ሰው ይጫናል። አሜሪካ ከ1992 ጀምሮ ከብዙ አገሮች ጋር «ክፍት ሰማይ» የሚባል ውል ተዋውላለች፤ ኢትዮጵያም አንዷ ናት። ስንት በረራ፣ በስንት ዋጋ የሚለውን መንግሥታት መቁጠር ትተዋል። አገር ውስጥ መጫን ግን አሁንም አይነካም።

ጥያቄ፦ የእኛ አየር መንገድ የመንግሥት ሆኖ አትራፊ ነው። ታዲያ ይሄ የግል ይሁን የሚባለው ለምንድን ነው? (ከአዲስ አበባ፣ ቦሌ)

መልስ፦ ሁለት ነገር እናምታታለን። ባለቤት መሆን አንድ ነው፤ ተቆጣጣሪ መሆን ሌላ። አሜሪካ ውስጥ መንግሥት ባለቤት ሆኖ አያውቅም፤ ግን አርባ ዓመት አላላወሳቸውም። የእኛው ከ1945 ጀምሮ የመንግሥት ነው፤ ግን ከመነሻው ከቲደብሊውኤ ጋር በተገባ ውል በባለሙያ እንዲመራ ተደረገ፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ የተሾመው በ1971 ነው። መንግሥት ሲቀያየርም ሥራውን በአብዛኛው ለሙያተኛ መተዉ ነው ያቆየው እንጂ የባለቤቱ ማንነት አይመስለኝም። የናይጄሪያ አየር መንገድም የመንግሥት ነበር፤ በ2003 ፈረሰ። የኬንያው በ1996 ወደ ግል ዞሮም ተቸግሯል። ዛሬ የእኛው በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ነው፤ ተቆጣጣሪው ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ደግሞ ያው የመንግሥት። እኔ የምፈራው እዚህ ላይ ነው፦ የግል ኩባንያ ቢመጣ ዳኛውም ተጫዋቹም አንድ ቤት ናቸው።

አፍሪካ ውስጥ ደግሞ በ1999 በኮትዲቯሯ ከተማ ያሙሱክሮ ላይ ሰማዩን ለመክፈት ተወስኖ፣ በጃንዋሪ 2018 አዲስ አበባ ላይ እንደገና ተመርቆ፣ እስከ ዛሬ ብዙው አገር በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የያዘው። ከአንድ አፍሪካ አገር ጎረቤቱ ለመሄድ ዱባይ ወይም ፓሪስ የሚዞረው መንገደኛ ዋጋውን እየከፈለ ነው።

ጥያቄ፦ በረራዬ ተሰረዘና ቫውቸር ሰጡኝ። ገንዘቤን መጠየቅ እችል ነበር? ደግሞስ ሻንጣ ማስከፈል መቼ ተጀመረ? (ከላስ ቬጋስ)

መልስ፦ ትችይ ነበር። በ2024 በወጣው ደንብና ሕግ መሠረት ከአሜሪካ የሚነሣ፣ ወደ አሜሪካ የሚገባ ወይም አገር ውስጥ የሚበር በረራ ከተሰረዘ፣ ወይም አገር ውስጥ ሦስት ሰዓት፣ ወደ ውጭ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከተዛባ፣ የተተካውን ካልተቀበልሽ ገንዘብሽ ይመለሳል። በካርድ ከከፈልሽ በሰባት የሥራ ቀን፣ በሌላ መንገድ ከሆነ በ20 ቀን። ቫውቸሩን «እሺ» ብለሽ ከተቀበልሽ ግን አለቀ፤ ስለዚህ ካውንተሩ ላይ ያለችው ልጅ በፈገግታ ስታቀርብልሽ «አመሰግናለሁ፣ ገንዘቤን ነው የምፈልገው» በያት።

ሻንጣውን ከትልልቆቹ መጀመሪያ ያስከፈለው አሜሪካን ኤርላይንስ ነው፣ በ2008፣ 15 ዶላር። ነዳጅ ተወዶ ነው ተባለ። ነዳጁ ረከሰ፣ ክፍያው ግን እንዳለ ቀጠለ። አንዱ ሚስጥር ታክስ ነው፦ የአገር ውስጥ ትኬት ላይ መንግሥት 7.5 በመቶ ይወስዳል፣ የሻንጣ ክፍያ ላይ ግን የለም። «ሻንጣ ነጻ» እያለ ሲፎክር የኖረው ሳውዝዌስት እንኳ በሜይ 2025 ገባበት። ያስከፈሉበት ሻንጣ አገር ውስጥ ከ12 ሰዓት በላይ ከዘገየም ያንን ክፍያ ይመልሳሉ፤ እንዳልደረሰሽ ግን ለአየር መንገዱ ማስመዝገብ አለብሽ።

ትኬት ከአበሻ ትራቭል ኤጀንት የምትገዙም የባንክ መግለጫችሁን እዩ። ገንዘቡን የወሰደው የተጻፈው ስም የኤጀንቱ ከሆነ መላሹ ኤጀንቱ ነው፣ የአየር መንገዱ ከሆነ አየር መንገዱ። በጥሬ ገንዘብ ከከፈላችሁ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ።